ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠ እግር አይታሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፣ በርቱ። ታካሚዋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን ሲጻፍ አላየሁም። ነርስ ነኝ፣ ጉዳዩም ቤቴ ድረስ ስለመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አክስቴ ከዳባት ጎንደር መጥታ ማኅፀኗ ወጣ፣ ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማየት ዳሌዋ ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ወጡ። ቁስሏ ደርቆ አገሯ ገባች። ከሳምንታት በኋላ አንድ እግሯ አበጠ፣ ከእምብርቷ በታች ከበዳት፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። ጎረቤት "ምች ነው" አለ፣ ወጌሻ ተጠራ፣ እግሯ በቅቤ ሊታሽ ሲል ልጇ ደወለችልኝ። "እንዳታስነኪያት! ዛሬውኑ ይዘሻት ነይ" አልኳት።

ሊምፍ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው። ዕጢዎቹ ሲወጡ ቧንቧዎቹ ይቆረጣሉ፣ አፋቸው በደንብ ካልተዘጋ ፈሳሹ ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሞች ሊምፎሲል ይሉታል። ለፕሮስቴትና ለፊኛ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን፣ ኩላሊት የተተከለላቸውንም ያጋጥማል። አብዛኛው ትንሽ ነው፣ ምልክት የለውም፣ በራሱ ይጠፋል፤ እሱን በአልትራሳውንድ መከታተል ይበቃል። ትልቁ ግን የሽንት ቱቦን ተጭኖ ኩላሊት ያሳብጣል፣ የደም ሥር ተጭኖ ደም ሊያረጋ ይችላል። ደም የረጋበትን እግር ማሸት ደግሞ የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፣ ሰው በዚያው ይሞታል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፣ ለውልቃት ስንቱን አቁመዋል። ይሄ ግን ሳይመረመር በእጅ የሚነካ አይደለም።

ሌላው የሚያናድደኝ መርፌው ነው። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ "ጨርሰሻል" ብሎ ላካት። እፎይ አለች፣ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ሞላ። ቧንቧው እያፈሰሰ ለምን አይሞላ! በመርፌ መቅዳት ፈሳሹን ለመመርመር ይጠቅማል፤ ሽንት ሾልኮ እንደሆነም ክሬቲኒን በሚባለው፣ በሽንት በሚወጣው ቆሻሻ መጠን ይታወቃል። ለሕክምና ግን ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ በተደጋገመ ቁጥርም ኢንፌክሽን የማስገባት አደጋ አለው። የሚሻለው በአልትራሳውንድ እያዩ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚወጣው እስኪቀንስ ማቆየት ነው። አልቆም ካለ በቱቦው እንደ ፖቪዶን አዮዲን ወይም አልኮል ያለ መድኃኒት ገብቶ የከረጢቱ ግድግዳ እንዲጣበቅ ይደረጋል። እሱም ካልሰራ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ከረጢቱ ወደ ሆድ ዕቃ ይከፈታል፣ የሆድ ውስጥ ስስ ሽፋን ፈሳሹን እየመጠጠ ይመልሰዋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከመጣ ፈሳሹ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ አንቲባዮቲክና ቱቦ ያስፈልጋል።

አክስቴ በቱቦው ዳነች። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከደባርቅ መጥተው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የሚመለሱት ግን ነርስ ዘመድ የላቸውም። ሲወጡ የሚሰጣቸው ምክር ስለ ስፌትና ስለ ቀጠሮ ብቻ ነው። እግር ካበጠ፣ ዳሌ ከከበደ፣ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ ይሰጣቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ አስታማሚ ባለበት በቃል ይነገር። የቀዶ ሕክምና ክፍሎቻችን ይህን ለመጀመር በጀት አያስፈልጋቸውም። እናንተም በጤና አምዳችሁ ሐኪም ጠይቃችሁ በሰፊው አውጡልን።

አንዲት ነርስ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር