የሕፃኑ ዕድሜስ?

ለጤና አምዱ አዘጋጅ፣

ስለ ሕፃናት ብሮንኪዮላይተስ (የሳንባ ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች መቆጣት) ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። በሽታው ከቫይረስ እንደሚመጣ፣ ዋናው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ እንደሆነ፣ አንቲባዮቲክም ቫይረስን እንደማይነካ ጽፋችኋል። ትክክል ነው። ልጅ ባሳለ ቁጥር ፋርማሲ ሮጠን አሞክሳሲሊን ለምንገዛ ሰዎች ይህ ያስፈልገናል፤ አልከራከርም።

የከነከነኝ «ትኩሳቱ የቫይረሱ ስለሆነ ወላጆች ሊደናገጡ አይገባም» ያላችሁት ነው። የስንት ወር ልጅ ወላጆች? የስምንት ወሩም የአምስት ሳምንቷም ለእናንተ እኩል ናቸው?

የእኔዋ የታመመችው ገና አራስ ሳለሁ ነው። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ትኩሳት አላት፣ ጡት እንቢ አለች። ክሊኒክ ወሰድናት። ያያት ባለሙያ ደረቷን አዳምጦ፣ ራጅ አስነስቶ፣ «ቫይረስ ነው፣ አፍንጫዋን እያጸዳሽ አጥቢያት» ብሎ ሸኘን። የራጁን ከፍለናል። ሽንቷን የጠየቀ ግን የለም። በማግስቱ ሌላ ሆስፒታል ሲመረመር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘባት። ቫይረሱም ባክቴሪያውም አብረው ነበሩ። በእናንተ ዘገባ ቢሆን ልጄ እስካሁን «ቫይረስ ብቻ» ናት፤ እኔም ያልተደናገጥኩ ጨዋ እናት።

አደጋው ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ብሮንኪዮላይተስ የያዘው ሕፃን ማጅራት ገትር አብሮ ቢይዘው ብርቅ ነው። የሽንቱ ግን ያን ያህል ብርቅ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ትኩሳት ያለባቸውን፣ ከ60 ቀን ያልበለጡ ሕፃናት አይቶ ነበር። አርኤስቪ ከተገኘባቸው 5.4 በመቶው የሽንት ኢንፌክሽን ነበረባቸው። ቫይረሱ ካልተገኘባቸው ጋር ሲተያይ ግማሽ ያህል ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ዕድሜያቸው ከአንድ ወር በታች በሆኑት ላይማ ቫይረሱ መገኘቱ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የመኖሩን ዕድል ይህን ያህል አልቀነሰውም።

ደግሞ ሩቅ መሄድ ምን ያስፈልጋል? ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ የአደጋ ምልክት መሆኑን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ታውቃለች። የእናንተ ዘጋቢ ሐኪም አነጋግሮ ይህን ሳይሰማ መመለሱ ይገርማል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም «ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ ሽንቱም ይመርመር» የምትል መስመር ጨምሩልን። ቦታ ከጠበበ የሳንባውን ራጅ ፎቶ አሳንሱት።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ