«ሙዚቃዊ ስልት»ን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልምምዱ እንደተጧጧፈ ከወንድምሽ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ ባንዳችሁ ለአውሮፓው ጉዞ «ሙዚቃዊ ስልት»ን መዝጊያ አድርጎ መምረጡን ነገርሽኝ። ደስታዬን በስልክ ሰምተሻል። ግን የማን ሥራ እንደሆነ ስጠይቅሽ «የድሮ ኢትዮ ጃዝ ነው አባዬ» ብለሽ አለፍሽው። ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ዜማውን ባሕር ማዶ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ይዘውት የተሻገሩት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ማወቅ አለብሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አደርግልሻለሁ፤ እዚያ ሲጠይቁሽ እንዳትቸገሪ።

ዜማውን የደረሰው ግርማ በየነ ነው። ፒያኖ ይጫወታል፤ ከሁሉም በላይ ግን አቀናባሪ ነው። በሸክላው ዘመን ከወጡት ዘፈኖች ከ60 በላይ የሚሆኑት በእሱ እጅ እንዳለፉ ይነገራል። በራሱ ድምፅ ግን በወጣትነቱ ያስቀረጸው አራት ዘፈን ብቻ ነው። ሕዝቡ ዘፋኞቹን በስም እየጠራ ሲያጨበጭብ፣ ሙዚቃውን የሠራው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

የተጫወተው ዋልያስ ባንድ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ያቋቋሙት። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ መላከ ገብሬ ባስ። የመጨረሻውን ስም አደራ ያዢው። እነዚህን ሰዎች ከሌላው የሚለያቸው መሣሪያዎቻቸውን ራሳቸው መግዛታቸው ነው። ያኔ የክቡር ዘበኛም ሆነ የፖሊስ ኦርኬስትራ መሣሪያ የመንግሥት ነበር፤ የክለቡም የባለክለቡ። ሙዚቀኛው አልስማማም ካለ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን ተሸክመው ሂልተን ገቡ፣ ለዓመታትም እዚያ ተጫወቱ። እኔ ይህን ከሙዚቃቸው ባላነሰ አከብረዋለሁ። እናንተም በየዝግጅቱ አምፕሊፋየር መከራየታችሁን እስቲ ተነጋገሩበት።

ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሂልተን ያመሸ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭ ወታደር፣ ውስጥ መሄጃ አጥቶ የሚጨፍር ሕዝብ። ያን ሁሉ ሰዓት በዘፈን ብቻ መሙላት አይቻልም። ያለ ድምፃዊ ረጅም መጫወትን፣ አንድ ሐረግ ይዞ ሰው ሳይሰለች መቆየትን እዚያ ነው የተካኑት ብዬ አምናለሁ።

«ሙዚቃዊ ስልት» በ1977 ካይፋ ሪከርድስ ባሳተመው «ቼ በለው» በተሰኘው ሸክላቸው ላይ ወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አለበት። ገበያው ዘፋኝ በሚፈልግበት ጊዜ፣ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ማውጣት ድፍረት ነበር። ሳንሱር ግጥም በሚያጣራበት ዘመን ደግሞ ይህ ሥራ የሚሰረዝ ስንኝ አልነበረውም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስልክሽን አስቀምጪና በደህና ማዳመጫ ባሱን ብቻ ተከተዪ። መላከ ገብሬ አይሮጥም። ያችኑ ሐረግ ይዞ እየተመላለሰ፣ ነፋሾቹ እላዩ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ እሱ ንቅንቅ አይልም። ባለፈው የላክሽልኝ ቅጂ ላይ አንቺ ባሱን ስትጫወቺ በየመሐሉ ጌጥ ትጨምሪያለሽ። ጣትሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ሰው የሚወዛወዘው በዚያች በማትለወጠው ሐረግ ነው። ጌጡን ለኦርጋኑ ተዪለት።

ወደ ጉዞው ልምጣ። በ1981 ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄደ፤ ወደዚያ የተሻገረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የግል ባንድ መሆኑ ነው። ማህሙድ አህመድና ጌታቸው ካሳም አብረዋቸው ዘፍነዋል። አዳራሹ የሚሞላው በአብዛኛው አገሩን ጥሎ በወጣው ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ፈረንጁ ገና አልሰማቸውም። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና አብሯቸው የሄደው ግርማ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ። የባንዱ ግማሽ በአንድ ጊዜ ቀረ ማለት ነው።

በቀሩት አልፈርድም። የተመለሱበትን አገር እኔም ኖሬበታለሁ፣ የዚያን ጊዜ ሌሊት አውቀዋለሁ። ዋሽንግተን ላይ ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው የተወሰነ ጊዜ ሠሩ፤ በኋላ ግን ኃይሉ መድረኩን ትቶ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተራ ይይዝና፣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን መልሶ ይጭንና ሰው ያደርሳል። እንዲህ ዓመታት። ይህን ሰው ማነው በወቅቱ ያወቀው? የጫናቸው ተሳፋሪዎች አላወቁትም። ግርማም እዚያው አሜሪካ ከሙዚቃ ርቆ ረጅም ዘመን ኖረ።

ዜማው ግን በዚያው ጊዜ ብቻውን ዓለምን ይዞር ነበር። በ1998 ዘ ዳክታሪስ የሚባል ባንድ አልበሙን በ«ሙዚቃዊ ስልት» ጀመረ። ሽፋኑ ናይጄሪያዊ ያስመስለዋል፤ ሙዚቀኞቹ ግን የኒውዮርክ ልጆች ናቸው። ያን አልበም ገዝቶ ከጨፈረው ሰው ውስጥ የዜማው አገር አዲስ አበባ፣ ባለቤቱም ግርማ መሆኑን ስንቱ ያወቀ ይመስልሻል? የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ በ2000 ተጫወተው፤ እነሱስ በ2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከእኛ ሙዚቀኞች ጋር መድረክ ላይ ወጡ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው የድሮ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ደግሞ በ13ኛው ቅጽ የዋልያሶችን የራሳቸውን ቅጂ አስገባው።

የሆላንዶቹን ዘ ኤክስ ለብቻ ላንሳልሽ፤ ሮክ ለምትወዱት ለእናንተ ይቀርባሉና። ከ1979 ጀምሮ ያሉ፣ ጊታራቸው የሚጮህ የፓንክ ሰዎች ናቸው። በ2002 ኢትዮጵያን እየዞሩ ተጫወቱ። ኋላ የሽለላውን የሳክስፎን ሰው ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት፤ እሱም ባንዱን ወደደውና በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ»ን ሠሩ። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያም አለበት። እኔ የምወድላቸው ዜማውን ከሸክላ ላይ ለቅመው ዝም አለማለታቸውን ነው። እዚህ ድረስ መጡ፣ ሽማግሌውን ከፊት አቆሙ፣ ስሙንም ከስማቸው አስቀድመው ጻፉ። ከጌታቸው ጋር በየአገሩ ሲዞሩም ሰው የማን ሙዚቃ እንደሚሰማ ያውቅ ነበር።

የኃይሉ ነገር የተቃናው እዚሁ እኛ ከተማ መሆኑን ታውቂያለሽ? ኃይሉ በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀረጸው ካሴት ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፣ በሚቀጥለው ዓመት «ቼ በለው» ተከተለ፣ ኃይሉም ከታክሲው ወርዶ አውሮፓ መድረክ ላይ ወጣ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ»ን አወጣ። ግርማ በ2008 አገሩ ገባ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉት ፈረንሳዮች ጋር አልበም ሠራ። ደስ ይላል፤ ግን መሐሉ ላይ የባከነው ዘመን ያንገበግበኛል። ስማቸው ከዜማው ጋር አብሮ ተጉዞ ቢሆን ኖሮ የሚፈልጋቸው ሰው ቀድሞ ያገኛቸው ነበር።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ከእናንተ አንዱ ማይክ ይያዝና «ደራሲው ግርማ በየነ፣ መጀመሪያ የተጫወተው ዋልያስ ባንድ፣ አዲስ አበባ፣ 1977» ይበል። ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም ይጻፍ፤ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ» ብሎ የሚጽፍ አዘጋጅ ካለ አስተካክሉት፣ አትፈሩ። ቀረጻ ካለም ፈቃዱንና የደራሲውን ድርሻ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሙዚቀኞቹን የምታስተዋውቂው አንቺ ከሆንሽ የመላከን ስም ጨምሪልኝ፤ የባስ ተጫዋች ስም የሚጠራ የለም።

ሌላው፣ መቅረት የሚያስብ ካለ፣ አንቺም ብትሆኚ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ለጓደኞቹ ይንገር። እኔ ቅሪም ተመለሺም አልልሽም። ግን ድራመሩ ብቻውን የሚመለስበትን ጉዞ አየር ማረፊያ ላይ እንዲያውቀው አልፈልግም።

ኦሪጅናሉን ቅጂ ከወንድምሽ ጋር ልኬልሻለሁ። ልምምድ ላይ ሁላችሁም አብራችሁ ስሙት፣ ከዚያ የቀረጻችሁትን ላኪልኝ።

አባትሽ
ባሕር ዳር