ጣቴ እንዴት እንዳደረ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ደብዳቤ ሲጀመር የለመድነው እንደዚያ ነው። ግን ሰሞኑን በስልክ «ደህና ነኝ» ስልሽ የከረምኩት ሁሉ እውነት አልነበረም። ዛሬ በጽሑፍ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። በስልክ ከሆነ ሳልጨርስ ታቋርጪኛለሽ።

የጡት ካንሰሩን ክኒን፣ ሌትሮዞሉን፣ አቁሜው ነበር። 5 ሳምንት ሙሉ።

ቆይ፣ አትቆጪ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ኬሞውም ጨረሩም ያለቀ ጊዜ አንቺ ቤት ቡና አፍልተን «ተገላገልን» አልን አይደል? ባሕር ዳር የተመለስኩት አለቀ ብዬ ነው። ዶክተሯ የሆርሞን ሕክምና ስታነሳ ክው አልኩ። አምስት ዓመት! በየቀኑ! ጎረቤታችን ደግሞ ስሙን ስትሰማ «በዚህ ዕድሜሽ ሆርሞን ሊጨምሩብሽ ነው?» ብላ አስደነገጠችኝ። ስሙ ነው ሰው የሚያሳስተው። ነገሩ ግልባጩ ነው። የእኔ ዕጢ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ዓይነት ነው። የወር አበባ ከቆመም በኋላ ሰውነት፣ በተለይ ስቡ፣ ያንን ሆርሞን ትንሽ ትንሽ መሥራቱን አይተውም። ክኒኑ ይህን ነው የሚዘጋው። ቀዶ ጥገናው ያላገኛት ሕዋስ ተርፋ ከሆነ ቀለቧን መቁረጥ ነው።

«ካልወሰድኩስ?» አልኳት። አልተቆጣችም። እንዲህ ያለው ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ ሊመለስ ይችላል አለችኝ። የቆየው መድኃኒት ታሞክሲፊን ለ5 ዓመት ሲወሰድ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሚሞቱትን በሲሶ ያህል ቀንሷል አለችኝ። ሲሶ ለገበሬ ልጅ አይተረጎምም። ሲሶው የጎደለ ጎተራ ምን እንደሚመስል አይቼ ነው ያደግሁት።

«ታዲያ እሱን ብወስድስ?» አልኩ። ታሞክሲፊን ደም የማርጋት ጠባይ አለው፤ ማህፀን ላይም የራሱ ጣጣ አለው። አንቺን ወልጄ አራስ ሳለሁ ግራ እግሬ አብጦ፣ ደም ረግቷል ተብዬ ታክሜያለሁ። አባትሽ ነግሮሽ ይሆናል። ይህን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለአንቺ ሌትሮዞል ይሻላል አለች። እሱ ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል።

መገጣጠሚያ ያሳምማል ሲሉ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ እንደ ደረቀ ቁርበት አልታጠፍ ይላሉ። ጀበናውን በሁለት እጄ አቅፌ ነው የምቀዳው። እንዝርት ማሾርማ አይታሰብም፤ ባዘቶው ሙዳዩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሌሊት ሙቀቱ ከደረቴ ተነስቶ ፊቴ ላይ ሲደርስ ጋቢውን እወረውራለሁ፤ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ በጨለማ እፈልገዋለሁ። የባሕር ዳር ሚያዝያ ተጨምሮበት!

አንድ ማለዳ ጀበናው ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። የአያትሽ ጀበና። ያን ማታ ክኒኑን አልዋጥኩም። በማግስቱም እንዲሁ። ጾም ነው፣ ጠበል ልጠመቅ ነው እያልኩ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ግን «ጠበሉ መቼ ክኒን ይጠላል? በጠበሉ ዋጪው» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቼ ላላ አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሌሊት ብብቴን ስዳብስ ማደር ጀመርኩ።

ሄጄ ለዶክተሯ ተናዘዝኩ። ሳቀች። እንደኔ አቁማ ዝም የምትል ብዙ ናት አለችኝ። ከዚያው ዘመድ አናስትሮዞል የሚባል አለ፤ አንዱ ያልተስማማት ሌላው ሊስማማት ይችላል። አሁን እሱን በቀን 1 ሚሊግራም ጀምሬያለሁ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም አለ። መራመድ ሕመሙን ያቀልለዋል ስላለችኝ በየጠዋቱ እስከ ጣና ዳር እሄዳለሁ። ከዘጌ እንጨት የጫኑት ታንኳዎች ሲራገፉ ቆሜ አያለሁ። ስመለስ ጣቶቼ ይሻላቸዋል። በጣም አይደለም። ግን ይሻላቸዋል።

የወሰንኩት ለ5 ዓመት አይደለም፣ ለ6 ወር ነው። ከዚያ ከዶክተሯ ጋር ቁጭ ብለን እናያለን። ካልቻልኩም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወንድምሽ «የግድ ነው» ይለኛል፤ ጎረቤታችን «ተይው፣ ኑሪበት» ትለኛለች። ሁለቱም በእኔ ጣት ቡና አይቀዱም።

አንቺም ፈቃድ ወስጄ ልምጣ እንዳትይ። ለእንቁጣጣሽ ነይ። ስትደውዪ ግን «ደህና ነሽ?» ብለሽ አትለፊኝ፤ ጣትሽ እንዴት አደረ በይኝ።

ካልሲየሙን ስትልኪ ትልልቁን ተይው፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ጀበናም ከዚያ እንዳትገዢ፤ የእዚህ ይሻላል።

እናትሽ
ባሕር ዳር