ምኒልክ ሆስፒታልን በአስከሬኑ አይፍሩት

ይድረስ ለውድ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

የምጽፍልዎ ስለ ዓይንዎ ሞራ ነው። ምኒልክ ሆስፒታል ሲባል ፊትዎን የሚያዞሩበት ምክንያት ይገባኛል፤ ለብዙ ዓመት የአስከሬን ምርመራ የሚደረገው እዚያ ስለነበር ስሙ ሲነሣ ሬሳ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። የሆስፒታሉ ታሪክ ግን ከዚያ ይሰፋል። ዓድዋ ድል በሆነበት በ1888 ዓ.ም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ አከሙ፤ ለዓመታትም ሆስፒታል ይዘው ቆዩ። እነሱ ከሄዱ በኋላ በ1902 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ይህን በስማቸው የሚጠራውን አቋቋሙ፤ መንግሥት ያቆመው የአገራችን የመጀመሪያ ሆስፒታል ነው። እርስዎ የሚወዱት ቤተ ሳይዳ፣ የዛሬው የካቲት 12፣ እንኳ ከሱ በኋላ የመጣ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞቹን የሚያሠለጥነው ምኒልክ ነው፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ሞራ ከላይ የበቀለ ቆዳ አይደለም፣ ውስጥ ያለችው ሌንስ መደፍረስ ነው። ስለዚህ በጠብታ አይሟሟም፣ በማሸትም አይገፈፍም። «ይብሰልና ይወጣል» የሚሉትን አይስሙ፤ ከመጠን ያለፈ ሞራ ይጠጥራል፣ አንዳንዴም አብጦ የዓይን ግፊት ይጨምርና ብርቱ ሕመም ያመጣል።

በጤና መድኑ ለመታከም መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ያስጽፉ። ሆስፒታሉ የደም ግፊትና ስኳር ይለካል፤ የዓይንዎንም ርዝመት በመሣሪያ ይለካሉ፣ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን እንደሚውጡ አደራ ይንገሯቸው፤ መድኃኒቱ ብሌኑ በደንብ እንዳይከፈት ስለሚያደርግ ሐኪሙ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በራስዎ ግን አያቋርጡት። ስኳር ወይም ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ የዓይኑን ጀርባ ጎድቶት ከሆነ ሞራው ቢወጣም እይታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ይህንንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ቀዶ ጥገናው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው፣ እርስዎ አይተኙም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አንዱን ዓይን ብቻ ነው የሚሠሩት።

ሥራው የሚበላሸው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ጠብታው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ እይታ ጠራ ብለው እንዳይተዉት። እጅዎን ይታጠቡ፣ ቀና ብለው የታችኛውን ቆብ በጣትዎ ሳብ ያድርጉ፤ እንደ ኪስ ሲከፈት አንድ ጠብታ ይበቃል። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትዎን እንዳይነካ። ከዚያ ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብለው ይያዙት፤ አለዚያ መድኃኒቱ በእንባ መውረጃው ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ።

ስግደቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይተዉት፤ ጎንበስ ማለትና ከባድ ማንሣት ቁስሉን ያስጨንቀዋል። ጠበልም ቢሆን ለጊዜው ዓይን ውስጥ አይግባ። የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ የሚከለክሉ አይመስለኝም። ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ሌሊት ደግሞ መሸፈኛውን ሳያደርጉ አይተኙ።

ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይኑ ደም ከመሰለ፣ መግል ከያዘ ወይም እይታዎ በድንገት ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

የመድን መታወቂያዎ መታደሱን ዛሬውኑ ይዩልኝ፣ የሚውጧቸውን መድኃኒቶችም ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል ያስቀምጡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ