አንጀቱ የተቆረጠ ሰው ምን ይብላ? ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፤

ባለፈው ዓመት የታናሽ ወንድሜ አንጀት ተጠማዞ በሌሊት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አትርፈውልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም። ጣጣው የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ሲወጣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ቀጠሮ ተሰጠን። ስለ ምግብ የሰማነው "ቀለል ያለ ነገር ይብላ" የሚል ብቻ ነው። ለእናቴ ቀለል ያለ ማለት ቅቤ የጠገበ አጥሚት ነው። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን ገንፎ፣ ማታ ቅልጥም። "የተቆረጠ አንጀት ታዲያ በምን ይርሳል?" ትላለች። ልጁ በበላ ቁጥር ሽንት ቤት ይሮጣል። ሰገራው የገረጣ፣ ክፉኛ የሚሸት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሆነ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ቡዳ ነው ያሉም ነበሩ።

በሦስተኛው ወር ሌላ ሐኪም የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ አስመጥቶ አነበበ። ከቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከ1 ሜትር በላይ ተቆርጧል። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ቅባት እንዲፈጭ ሐሞት ያስፈልጋል። ሐሞቱን መልሶ መጥጦ ወደ ጉበት የሚልከው ደግሞ ይኸው የመጨረሻው ክፍል ነው። እሱ ሲጎድል ሐሞቱ በሰገራ ይፈሳል፤ ጉበት አዲስ ሠርቶ አይደርስበትም። ቅባቱም ሳይመጠጥ ያልፋል፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችንም ይዞ ይሄዳል። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠውም እዚያው ስለሆነ ወንድሜ መርፌ ያስፈልገው ነበር። ማንም አልነገረንም።

ሌላም አለ። ያልተመጠጠ ቅባት ካልሲየምን ይይዛል። ካልሲየም አስሮ ያስቀረው የነበረው ኦክሳሌት (በአንዳንድ አትክልቶች ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ይለቀቅና በትልቁ አንጀት በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ መጨረሻው የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ቆስጣ ደግሞ ኦክሳሌት ይበዛበታል። እኛ ደም ይሆነዋል ብለን በየቀኑ ቆስጣ!

"ቅቤ ይቅርበት" ብሎ ማለፍም አያዋጣም። ትልቁ አንጀቱ በቦታው ላለ ሰው ቅባት ቀንሶ እንጀራ፣ ሩዝና ድንች መጨመር ይረዳዋል። ቀጭን አንጀቱ በሆዱ በኩል ወጥቶ ከረጢት ለተገጠመለት ግን ቅባት መቀነስ ያን ያህል አይጠቅመውም፤ የሱ ጭንቅ ውኃና ጨው ነው። 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው። የከሳን ሰው ዝም ብሎ ቅባት መከልከል ሌላ ጉዳት ነው። ይህን በግምት የምንወስነው እኛ ቤተሰቦች መሆን አልነበረብንም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የትኛው የአንጀት ክፍል፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተቆረጠና ምን ያህል እንደቀረ ይጻፍ። የቢ12 መርፌ ቀጠሮም እዚያው ይያዝ። በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያነጋግረው፤ ባለሙያ በሌለበት ነርሷ ትሠልጥን። በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረጋችሁት የአመጋገብ መመሪያ ለጤነኛ ሰው ነው። ለእነዚህ በሽተኞች አንዲት ገጽ ይዘጋጅ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ። ሽሮው በስንት ማንኪያ ዘይት እንደሚሠራ የምትናገር ትሁን። በጾም ወቅት ምን እንደሚደረግም ትጨምር፤ ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱ ሲመጣ እኔ አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንድ በሽተኛ ታላቅ እህት