ትኩስ ውሃ ለማን፣ መቼ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ወገቤንና ጉልበቴን የአሰብ መንገድ አስቀርቶብኛል። ሲብስብኝ ፍልውሃ ወርጄ እዘፈዘፋለሁ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረደ ውሃ ለእኔ አያንስም! ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል። ቤት ስውል ደግሞ በጎማ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገቤ ላይ አኖራለሁ።

የሚያናድዱኝ፣ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ያለውን ልጅ ወዲያው በትኩስ ጨው የሚያሹ ጎረቤቶቼ ናቸው። አዲስ እብጠት በሙቀት ይብስበታል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚሻለው ቀዝቃዛ ነው። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛም ሳይታወቀው ይቃጠላል። የጤና ዓምዳችሁ ስለ ኪኒን ብቻ ከሚጽፍ ይህንንም ቢያነሳ ምን አለበት?

ጡረተኛው ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ