ወደ ማርስ የሚኬድበትን ገንዘብ ማን ይከፍላል? የሕዋ ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የሕዋ ሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ብዙ ርዕስ አልነካካም። መስከረም ላይ የተነሳ አንድ ክርክር እስከ ሰኔ አልለቀቀንም፤ እኔም እንዲለቀን አልፈለግሁም። ክርክሩ ይህ ነው፦ የመንግሥት ካዝና ሳይነካ፣ በባለሀብቶችና በኩባንያዎች ገንዘብ ብቻ ሰውን ማርስ አድርሶ በሰላም መመለስ ይቻላል ወይ?

ነገሩን የቆሰቆሰው በዘመን መለወጫ ማግስት የሆነ ነው። መስከረም 2 ቀን ጃሬድ አይዛክማን የተባለው አሜሪካዊ ባለሀብት ፖላሪስ ዶን በተባለው በረራ ላይ የመንኮራኩሩን ክዳን ከፍቶ ወደ ሕዋ ወጣ። ከእርሱ በፊት እንዲህ የወጡት ሁሉ የመንግሥት ጠፈርተኞች ነበሩ። መንኮራኩሩ የወጣበት 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታም ከአፖሎ ዘመን ወዲህ ሰው ያልደረሰበት ነው። በወሩ፣ ጥቅምት 3፣ ስፔስኤክስ የተባለው የግል ኩባንያ ስታርሺፕ ያለው ሮኬት የታችኛው ክፍል በርሮ ተመልሶ በማስወንጨፊያው ማማ ክንዶች ተያዘ። ልጆቹ ቪዲዮውን በአንድ ስልክ ዙሪያ ተጠጋግተው ደጋግመው አዩት። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አባላችን «በቃ መምህር፣ ማርስ ደረስን ማለት ነው» አለኝ።

አልተከራከርኩትም። የክበቡን ጸሐፊ አንድ ደብተር እንድታዘጋጅና ገጹን በመስመር ለሁለት እንድትከፍል ነገርኳት። በግራ በኩል «ማን ሠራው»፣ በቀኝ በኩል «ማን ከፈለ» ተብሎ ተጻፈበት። የዓመቱ ሥራችን ይህንን ደብተር መሙላት ሆነ።

የግራው ዓምድ በኩባንያዎች ስም ተሞላ። የቀኙ ግን አሰልቺ ነበር፤ ናሳ፣ ናሳ፣ አሁንም ናሳ፤ የአሜሪካ መንግሥት የሕዋ ድርጅት ማለት ነው። ስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሮኬቶቹን አከታትሎ ካጣ በኋላ አራተኛው የተሳካለት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ስሙ መነሳቱን እጠራጠራለሁ። በ2021 ደግሞ ስታርሺፕን ለጨረቃ ማረፊያ እንዲያዘጋጅ 2.89 ቢሊዮን ዶላር ተመደበለት። የካቲት 23 ረፋድ ላይ፣ እኛ የዓድዋን በዓል እያከበርን ሳለ፣ ብሉ ጎስት የተባለችው የፋየርፍላይ ኩባንያ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ቀጥ ብላ አረፈች። ያለ አንዳች እንከን ጨረቃ ላይ ያረፈ የመጀመሪያው የግል ኩባንያ ሆነ። መሣሪያዎቹን ያስጫነውና የጉዞውን ዋጋ የከፈለው ግን አሁንም ናሳ ነው። ጸሐፊያችን በዓሉ ካለፈ በኋላ ይህንን ስትጽፍ «መምህር፣ የቀኙን ዓምድ በማኅተም ብናደርገውስ?» አለች።

እውነተኛ የግል ሙከራ የሚባሉትም አልቀሩብንም። አንደኛው የዴኒስ ቲቶ ነው። ቲቶ በ2001 ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዓለም አቀፉን የሕዋ ጣቢያ የጎበኘ ሰው ነው። በ2013 መጀመሪያ ላይ አንድ ባልና ሚስት በጥር 2018 ተነስተው፣ ማርስ ላይ ሳያርፉ ዞረዋት፣ በ501 ቀናት እንዲመለሱ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ቀላሉን መንገድ የመረጠ ነበር። ማረፍ የለም፣ ከማርስ መነሳት የለም። ያም ሆኖ ዓመቱ ሳያልቅ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የናሳ እጅና ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ።

ሁለተኛው ማርስ ዋን ነው፤ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህንን ታሪክ ነበር። የኔዘርላንድ ሰዎች ያቋቋሙት ይህ ድርጅት አራት ሰዎችን ወደ ማርስ ወስዶ እዚያው ሊያሰፍር አሰበ፤ መመለሻ የለውም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች 6 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል አለ፤ ገንዘቡም ሕይወታቸውን በቴሌቪዥን ከማሳየት እንደሚገኝ ተስፋ ሰጠ። በ2015 መቶ እጩዎችን መረጠ። ከዚያ አስቀድሞ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቅዱን ፈትሸው፣ ምግቡ ሁሉ በመኖሪያው ውስጥ ከበቀለ ተክሎቹ የሚያወጡት ኦክስጅን ከልክ በላይ እንደሚጠራቀም፣ እርሱን ለማስወጣት ሲሞከርም አየሩ ተዛብቶ በ68ኛው ቀን ገደማ ሰው መታፈን እንደሚጀምር አስልተው ነበር። በጥር 2019 የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ፍርድ ቤት የድርጅቱን ክስረት አወጀ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ «ታዲያ ሲታፈኑም በቴሌቪዥን ሊያሳዩን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልተገኘም።

በነገራችን ላይ፣ የማርስ ጉዞ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ እንዳይመስላቸው ኅዳርንና ታኅሣሥን በቤተ ሙከራ አሳለፍን። እናቷ ሱቅ ያላት አባላችን ሚዛን ይዛ መጣችና 122 ግራም ስኳር ወረቀት ላይ መዘነችልን። ማርስ ላይ ባለው የናሳ ተሽከርካሪ በፐርሲቪራንስ ላይ የተገጠመው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ የማርስን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍሎ፣ ከ2021 እስከ 2023 በተደረጉ 16 ሙከራዎች ያወጣው ኦክስጅን በጠቅላላ ይህንን ያህል ነው። ከጎኑ 840 ግራም ስኳር ተመዘነ። ይህ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ሁለቱ ክምሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ስኳሩ የት እንደገባ አልጠይቅም። ለፍትሕ ያህል፣ መሣሪያው 17 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን መሞከሪያ ነው፤ የተጠየቀውንም በትክክል ሠርቷል። ልጆቹ ግን «ይቻላል» በሚለውና «ይበቃል» በሚለው መካከል ያለውን ርቀት በዓይናቸው አዩት።

ሌላው ልምምድ የመልእክት ነበር። ጥር 4 ቀን ማርስ ወደ እኛ በጣም በቀረበችበት ጊዜ እንኳ ርቀቷ 96 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የሬዲዮ መልእክት ይህንን ለመጓዝ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለት ክፍሎችን «መሬት» እና «ማርስ» አልናቸው። ወረቀቱን የሚያደርሰው ልጅ ኮሪደር ላይ ሰዓት እያየ ይቆማል። ከ«ማርስ» የመጣው የመጀመሪያ ወረቀት «ቀይ መብራት በርቷል፣ ምን እናድርግ?» ይላል። «መሬት» ተማክሮ «የትኛው መብራት?» ብሎ ጻፈ። መልሱ ሲደርስ «ማርስ» ተጨቃጭቆ፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ርቀት ማስተማር አላስፈለገኝም።

ጨረሩን በአጭሩ ልለፈው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ሌላው የናሳ ተሽከርካሪ ወደ ማርስ ሲጓዝ በለካው መሠረት፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ 0.66 ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ያስገኛል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ ለሥራ ዘመኑ በሙሉ የሚፈቅደው 0.6 ነው። እዚህ ላይ የክበቡ ምክትል ተጠሪ ያነሳው ሐሳብ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ «የናሳ ገደብ የናሳን ሰው ነው የሚያስረው፤ የግል ኩባንያውን ማን ይገድበዋል?» አለ። የ1967ቱ የሕዋ ስምምነት ስድስተኛ አንቀጽ የግል ድርጅት በሕዋ ለሚሠራው ሥራ ኃላፊው አገሩ እንደሆነ፣ ፈቃድ መስጠትና መከታተልም እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ከፋዩ የግል ቢሆን እንኳ መንግሥት ከደጅ አይወጣም።

ጥር ላይ ቴሌስኮፓችንን አወጣን። አንዱ እግሩ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ የታሰረ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ይታወቃል፤ ውርጩ ገና ከምሽቱ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው ተሰለፉ። ማርስ ከመንትዮቹ ኮከቦች አጠገብ ቀላ ብላ ደምቃ ትታይ ነበር፤ በቴሌስኮፑ ግን ትንሽ ብርቱካናማ ክብ ከመሆን አላለፈችም። «ይህችው ናት?» የሚለውን ደጋግሜ ሰማሁ። በከተራ ሌሊት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ያደሩት አባሎቻችን ግን ያለ ቴሌስኮፕ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናታቸው በላይ አይተዋት፣ ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ ማደራቸውን ነገሩኝ። (ከተማችን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየበት ብለው የመሠረቷት መሆኗን፣ ያንን ብርሃን ከ1456ቱ የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ መኖራቸውን እንድጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ አይጠፋም። ይኸው ጻፍኩ።)

ዋናው ክርክር የተደረገው ሚያዝያ ላይ፣ ኢኮኖሚክስ ከሚማሩ ተማሪዎች ጋር ነው። «አይቻልም» የሚለውን ወገን የመሩት እነርሱ ናቸው፤ ከተናጋሪዎቻቸው አንዷ አዳራሹን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያዘችው፦ «ሰው ዕቁብ የሚጥለው ዕጣው አንድ ቀን ስለሚደርሰው ነው፤ የማርስ ዕቁብ ዕጣው ለማን ይወጣል?» ሳተላይት ኢንተርኔትም የአየር ሁኔታ መረጃም ይሸጣል፤ ከማርስ መጥቶ የሚሸጥ ግን ምንም የለም። የእኛ ልጆች ለጊዜው ተደናገጡ።

ጸሐፊያችን ግን ደብተሩን ይዛ ተነሳች። የቀኙ ዓምድ እየተለወጠ ነው አለች። ስፔስኤክስ ዛሬ ከናሳ ብቻ አይደለም የሚኖረው፤ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔቱን የሚጠቀሙ ደንበኞች በየወሩ ይከፍሉታል። ስፔስ ሻትል በተባሉት የናሳ መንኮራኩሮች ዘመን አንድ ኪሎ ግራም ወደ ምሕዋር ለማውጣት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ይወጣ ነበር፤ በስፔስኤክስ ፋልኮን 9 ሮኬት ወደ 3 ሺህ ወርዷል። የኩባንያው ባለቤት ትርፍ ባይፈልግስ? ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ለፈለገው ያውለው። ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ በበኩሌ ደብተሩ ሲጀመር ከነበረኝ አቋም ትንሽ አንቀሳቅሶኛል።

ዳኞቹ እኩል ነጥብ ሰጡ፤ እኔ ግን እኩል ነው አልልም። አንድ ባለጠጋ በራሱ ገንዘብ ማርስን ዞሮ ለመምጣት ቢነሳ፣ በእኔ ተማሪዎች ዕድሜ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ማረፍና መመለስ ግን ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ማርስ ላይ ካረፉት ሁሉ ከባዱ ፐርሲቪራንስ 1,025 ኪሎ ግራም ነው፤ ሰዎችን ከነስንቃቸው ለማሳረፍ በብዙ አሥር ቶን የሚቆጠር ጭነት ይጠይቃል፤ የማርስ አየር ደግሞ ከእኛው አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ዣንጥላ ብቻውን አያቆመውም። ስታርሺፕም ወደዚያ ለመሄድ መጀመሪያ ምሕዋር ላይ ከሌሎች በረራዎች ነዳጅ መቀበል አለበት፤ ይህ እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ድረስ አልተሞከረም። በጥር፣ በየካቲትና በግንቦት የተወነጨፉት ሦስቱም ጠፍተዋል። ሁሉም የሚስተካከል ነው፤ ነገር ግን ለማስተካከል የሚፈጀውን ዓመት ሁሉ ያለ ትርፍ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም ቢሞት ማርስ ላይ ያሉትን ማን ያመጣቸዋል? ዘንድሮ የናሳ ጠፈርተኞቹ ሱኒታ ዊሊያምስና ቡች ዊልሞር ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ለስምንት ቀን ያህል ሄደው ከዘጠኝ ወር በኋላ መጋቢት 10 ሌሊት የተመለሱት፣ ቦይንግ የሠራው መንኮራኩር ሳያስተማምን በመቅረቱ ሌላ መንኮራኩር የሚልክላቸው መንግሥት ስለነበራቸው ነው። እነርሱ የነበሩትም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር።

የሥራ ጉዳዮችን ልጨርስ። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ስለሚሰናበቱ ደብተሩን የተረከቡት የ10ኛ ክፍሎቹ ናቸው፤ ከመካከላቸው «ማርስ ደረስን» ያለኝ ልጅ አዲሱ ጸሐፊ ሆኗል። ወደ ማርስ ለመነሳት አመቺው ጊዜ በ26 ወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቀጣዩ በ2019 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ስለሆነ ከአሁኑ አዲስ ገጽ ተሰምሯል። ማርስ እንደገና ከፀሐይ ትይዩ የምትሆነውም በዚያው ዓመት የካቲት 12 ነው። የቴሌስኮፑን እግር ሊበይድልን የሚችል ወላጅ ካለ ለፊዚክስ ክፍል ይንገር። የክበቡ ስብሰባ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ነው፤ ስኳር ከዚህ በኋላ አይኖርም።